አሥራ አንድ ጊዜ የተቆረጠ ደብዳቤ

ሬሳ አልነበረም። ደምም አልነበረም። የተሰበረ መስኮት፣ የተፈነቀለ ቁልፍ፣ ምንም የለም። የነበረው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ ከመካከሉ አንዲት ቅጠል የጎደለችው።

«ይኸውልዎ» አለች መጽሐፍ አከራይዋ። «እንደ ጥርስ ነቅለዋታል።»

መርማሪው መጽሐፉን ወደ መስኮቱ አስጠጋ። ቅጠሏ አልተቀደደችም፤ ተቆርጣለች። ስለቱ ከላይ እስከ ታች የሄደው አንዴ ብቻ ነው። ከሥር ያለውን ገጽ እንኳ አልጫረም። ይህን የሠራው እጅ ስለት መያዝ ያውቅበታል።

መርማሪው በጣቢያው «ድንጋዩ» ይባላል። ስሙ የወጣለት ክፉ ሆኖ አይደለም፤ በቀን ከሃያ ቃል በላይ ከአፉ ስለማይወጣ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ነፍሰ ገዳይና ዘራፊ ሲያሳድድ የኖረ ሰው ዛሬ የተላከው ለአንዲት ቅጠል ወረቀት ነው፤ ያውም ለፍቅር መጽሐፍ። ጠዋት ከቢሮ ሲወጣ ባልደረቦቹ እጃቸውን እንደ ክንፍ እያራገቡ ሸኝተውታል።

መጽሐፉ «የጥቁር ክንፍ ንጉሥ» ይባላል፤ ሦስተኛ ቅጽ። ሁለት ጨረቃ በሚወጣበት አገር አንድ ባለ ክንፍ ንጉሥ አንዲት የሸማኔ ልጅ ይወድዳል። ነገሩ ይኸው ነው። ከተማው ግን አብዷል። በአውቶቡስ፣ በፀጉር ቤት፣ በሐኪም ወረፋ ላይ ሁሉም ሰው በጋዜጣ ሸፍኖ ያነበዋል። አንባቢው እንደ አሸዋ ነው፤ አነበብኩ ባይ ግን በመብራት ተፈልጎ አይገኝም።

አለቃው ጉዳዩን የሰጠው በልመና ድምፅ ነበር። «ቅዳሜ ደራሲዋ አራተኛውን ቅጽ ታስመርቃለች። አንባቢ ድምፅ ሰጥቶ ያችን የተቆረጠች ገጽ እንድታነብ መርጧል። ባለቤቴ ከአዘጋጆቹ አንዷ ናት። ሌባውን እስከ ቅዳሜ ካላገኘህልኝ እኔ ቤቴ አልገባም።»

ዕለቱ ረቡዕ ነበር።

«ስንት ቅጂ ተቆርጧል?» አለ ድንጋዩ።

«ከኔ አምስት። ፊት ለፊት ካለው ቀማኛ አከራይ ሦስት። ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ሁለት። ከሆስፒታሉ የሕሙማን መደርደሪያ አንድ። ለከተማው የደረሰው ሦስተኛ ቅጽ ይኸው ነው፤ አሥራ አንድ።»

«ሁሌ ያችው ቅጠል?»

«ያችው። ሁለት መቶ አሥራ አንድ።»

«የተከራዮቹን ስም ያሳዩኝ።»

አከራይዋ ደብተሩን ገለጠችለት። ድንጋዩ በጣቱ ወደ ታች ወረደ። ለእህቴ ነው። ለእህቴ። ለእህቴ ነው። ለታናሽ እህቴ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ምን ላድርግ ብለው ነው? ስሙን የሚሰጥ የለም። ይቺ ከተማ ስንት እህት እንዳላት ያወቅኩት ይሄ መጽሐፍ ከወጣ ወዲህ ነው።» ከዚያ ከመነጽሯ በላይ አየችው። «ለነገሩ የእርስዎስ እህት እንዴት ናቸው? ሦስተኛውን ወደዱት?»

ከኋላው የቆመው ሳጅን አንገቱን ቀና አደረገ። «እህት አለዎት እንዴ?»

«ደህና ናት» አለ ድንጋዩ። እህት የለውም። ወሬ ለማስቀየር ቸኩሎ «ገጹ ላይ የነበረው ምንድን ነው?» አለ።

አከራይዋ ዓይኗን ጨፈነች። በቃሏ ነበር።

«‹ዝም ያልኩሽ ቃል አጥቼ እንዳይመስልሽ። ቃሉ በዝቶ በሩ ጠቦብኝ ነው። ባለቀስሽበት ቀን ከጎንሽ አልነበርኩም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የትም ቦታ አልነበርኩም። ሁለቱ ጨረቃዎች ይመስክሩብኝ፤ እነሱ ከሚያበሩበት ቤት ሌላ ብርሃን አልሻም።› ንጉሡ ለልጅቷ የጻፈላት ደብዳቤ ነው።»

ሳጅኑ ሳል እንደያዘው ሰው ፊቱን አዞረ። ድንጋዩ ጆሮው ጋለ። ይህን ደብዳቤ ያውቀዋል። ከዓመት ከሁለት ወር በፊት በገዛ እጁ ገልብጦታል።

የዚያን ጊዜ ነገር እንዲህ ነበር። የሚስቱ እናት ሞተች። በቀብሩ ቀን ድንጋዩ አልተገኘም፤ ሥራ በዛብኝ አለ። ሚስቱ አልጮኸችም፣ አልተጣላችም። አራት ወር ሙሉ «ራት ቀርቧል» ከማለት በቀር አላናገረችውም። እሱም መናገር አልሆነለትም። አፉን ይከፍታል፤ ይዘጋል።

በዚያው ሰሞን አንድ መጋዘን ከመኪና ውስጥ ሆኖ ሲጠብቅ ከወንበሩ ሥር አንድ መጽሐፍ አገኘ። የማን ነው ቢል ሁሉም የኔ አይደለም አለ። የመጀመሪያውን ቅጽ በሦስት ቀን ጨረሰ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን «ለእህቴ ነው» ብሎ ተከራየ። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ ልቡን ሌላ ሰው የጻፈለት መሰለው። ክንፉን አወጣ፤ ዙፋኑን አወጣ፤ የቀረውን በንጹሕ ወረቀት ገልብጦ በሚስቱ ካፖርት ኪስ ከተተው።

ሚስቱ አንብባ አለቀሰች። ሁለቱ ጨረቃዎች ላይ ስትደርስ ቆም ብላ «ልጆቹን ነው አይደል?» አለችው። ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው። ድንጋዩ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ራስ መነቅነቅ ውሸት አይባልም ብሎ ራሱን አጽናና።

ያን ቀን የቤቱ ሰላም ተመለሰ። ሚስቱ ደብዳቤውን ለእህቷ አነበበች፤ በሆስፒታሉ ለሥራ ጓደኞቿ አነበበች። «ድንጋይ ቃል አወጣ» ተባለ። የሚስቱ እህት ባል፣ ከዚህ በፊት ሰላምታ እንኳ የሚሰስትበት ሰውዬ፣ ባርኔጣውን ያነሳለት ጀመር።

ታዲያ አሁን ያ ደብዳቤ ቅዳሜ በድምፅ ማጉያ ሊነበብ ነው። ሌባው ከመያዙ በፊት የሚያዘው እሱ ራሱ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ቁርስ ላይ ቀና ብሎ ሚስቱን ማየት አልቻለም። ሚስቱ እንደ ወትሮዋ ለእናቱ መድኃኒት ትሰጣለች። እናቱ ክኒን ምላሳቸው ሥር ደብቀው አበባ ማሰሮ ውስጥ የሚተፉ ሴት ናቸው።

«እማዬ፣ አፍዎን ይክፈቱ እስቲ።»

«ውጬዋለሁ አልኩሽ እኮ!»

«ይክፈቱ።»

ከፈቱ። ሚስቱ በቁምሳጥኑ በር ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት ሄዳ ምልክት አደረገች። አሥራ ስምንት ዓመት ነርስ ሆና እጇ የለመደው ነው፤ ራይት ማለት ሰጥቻለሁ፣ ከሥሩ ነጥብ ማለት ዓይኔ እያየ ተውጧል። ድንጋዩ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። መጽሐፉ ትውልድ ገዳይ ነው እያሉ ለጋዜጣ ሰባት ጊዜ ጽፈዋል።

«ስለት አለዎት መምህር?»

«ጺሜን የምላጭበት አለኝ።»

«መጽሐፉን ይጠሉታል።»

«አጥብቄ!»

«አንብበውታል?»

«ሳላነብ እንዴት እጠላዋለሁ? ሦስቱንም አንብቤያለሁ።» ወደ በሩ አዩ። «ሁለት ሁለት ጊዜ።»

«ገጹን ቆርጠዋል?»

«እኔ ብሆን» አሉ መምህሩ ጠረጴዛውን መትተው፣ «መጽሐፉን በሙሉ አቃጥዬ ያችን አንዲት ቅጠል ነበር የማስቀረው!» ወዲያው ምን እንዳሉ ገባቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ያልቆሸሸውን ይወለውሉ ጀመር። ድንጋዩ አዘነላቸው። ሃፍረታቸውን ያውቀዋል።

ሲወጣ ከበሩ መለሱት። «እርስዎ መርማሪ ነኝ ይላሉ፤ የኪራይ መጽሐፍ የመጨረሻውን ገጽ አይተው አያውቁም? ተከራይ ያነበበውን ደግሞ እንዳይወስድ ጥጉ ላይ ምልክት ያኖራል። አንዱ ኮከብ፣ አንዱ መስቀል። የኔ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ናት። እኔ ሁለት ቅጂ ነው የነካሁት፤ ሦስት ማዕዘኔን አሥራ አንዱም ላይ ካገኟት ይሰሩኝ።»

ድንጋዩ ይህን በደብተሩ ጻፈ።

ሁለተኛዋ ተጠርጣሪ ደራሲዋ ራሷ ነበረች። ገጹን ከሌላ ሰው ወስዳው ይሆናል፤ ልትደብቅ ፈልጋ ይሆናል። በአንድ መድን ድርጅት ውስጥ የተጋጩ መኪናዎች ማመልከቻ የምትቀበል ቀጭን ሴት ናት። ገና ሳይቀመጥ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ቀስ ይበሉ በናትዎ። እዚህ ማንም አያውቅም። አለቃዬ ዝባዝንኬ እያለ ነው የሚሰድበው። እስከ ቅዳሜ ልረፍበት።»

«ደብዳቤውን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ከማንም አልወሰዱም?»

«እኔ ነኝ የሚወሰድብኝ እንጂ!» ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። «ለሚስታቸው ገልብጠው የሰጡ ወንዶች ይቅርታ ብለው ይጽፉልኛል። አርባ ሦስት ደርሰዋል። ብልጦች ናቸው፤ ክንፉን ያወጡታል። ጨረቃዎቹን ግን ሁሉም ይረሷቸዋል። እስቲ ይታይዎ! አንድ ጨረቃ ባለበት ሰማይ ሥር ተቀምጦ ሁለት ጨረቃ ይመስክሩብኝ የሚል ባል!» ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመች። «ምነው፣ ላብ በላብ ሆኑ?»

«ሙቀቱ ነው» አለ ድንጋዩ። ውጭ ዝናብ ይጥላል።

ዓርብ ረፋድ አሥራ አንዱን መጻሕፍት በጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ሳጅኑን ሰበብ ፈልጎ ላከው። የመጨረሻ ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠ። መምህሩ እውነታቸውን ነበር፤ ጥጉ ሁሉ የምልክት ገበያ ነው። ኮከብ፣ መስቀል፣ ዓሣ፣ ዓይን። ሦስት ማዕዘኗ ሁለት ላይ ብቻ አለች።

በአሥራ አንዱም ላይ ያለ ምልክት ግን አንድ አለ። ትንሽ፣ ቀጥ ያለ፣ ያልተቻኮለ። ራይት። ከሥሩ ነጥብ።

ድንጋዩ መጽሐፉን ከደነው። ከዚያ ተነስቶ በሩን ከውስጥ ቆለፈው። ማንም እንዲያየው አልፈለገም።

ሚስቱን ያገኛት በሆስፒታሉ ቁስል ማሸጊያ ክፍል ነው። የምሳ ሰዓት ነበር፤ ብቻዋን ሆና ፋሻ ትጠቀልላለች። በትሪው ላይ የቀዶ ሕክምና ምላጮች ተደርድረዋል። ድንጋዩ አንዱን መጽሐፍ የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ ከፊቷ አኖረው።

አየችው። ፋሻውን መጠቅለሏን አልተወችም።

«ሥራ ስጨርስ እጄ ራሱ ነው ምልክት የሚያደርገው» አለች። «አላወቅኩትም ነበር።»

«መቼ ነው ያወቅሽው? የደብዳቤውን?»

«ከሦስት ሳምንት በፊት። እግሯ የተሰበረ ልጅ ቁስሏን ሳሽግ ጮክ ብላ ታነባለች። ዓረፍተ ነገሩን እኔ ጨረስኩላት። ‹ሲስተር፣ አንቺም አንብበሽዋል!› አለችኝ። አዎ አልኳት። ምን ልበላት?»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አንተን?» ሳቀች፤ ሳቁ ግን የሷ አልነበረም። «ጠይቄህ መቼ መልሰህ ታውቃለህ?»

ድንጋዩ ወለሉን አየ። «ሰው እንዳይስቅብሽ ብለሽ ነው የቆረጥሽው?»

«እኔ ላይማ ይሳቅ። ለእህቴ ያነበብኩ እኔ፣ ለክፍሉ ሁሉ ያነበብኩ እኔ።» ፋሻውን አስቀመጠችው። «ልጆቹ ናቸው። አባታችሁ ጨረቃ ብሏችኋል ብዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ትልቋ ደብተሯ ላይ፣ ትንሿ ሥዕሏ ሁሉ ላይ ከስማቸው ጎን ጨረቃ ይሥላሉ። አላየህም?»

አይቶ ነበር። የልጅ ጨዋታ ነው ብሎ አልፎታል።

«የቆረጥኩት መጽሐፍ አይደለም» አለች። «ያንተን ነውር ነው። እንዳያገኙት። የታማሚ ቤተሰብ እየላክሁ አስመጣሁ፤ ቤተ መጻሕፍት ራሴ ሄድኩ። አንድ ብቻ ቀርቶኛል፤ ደራሲዋ እጅ ያለው። እሱን አልችልም።»

ድንጋዩ እጁን ዘረጋ። አልያዘችውም።

«ሪፖርትህን ጻፍ» አለችው። «እውነቱን። ካልሆነልህም ከመጽሐፍ ገልብጥ።»

እሱ በር ላይ ሲደርስ ደግሞ ጠራችው። «የአለቃህ ሚስት ልጆቹንም ጋብዛለች፤ ቀሚሳቸውን አዘጋጅተው እየጠበቁ ነው። ከዚያ በፊት ንገራቸው። አንተው።»

ዓርብ ማታ ሊነግራቸው ተቀመጠ፤ የቤት ሥራቸውን አይቶ ተነሳ። ቅዳሜ ጠዋት ጫማቸውን እያሰረ ሊነግራቸው አለ፤ ጫማውን አሰረ። በአውቶቡስ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ትንሿ «አባዬ አሞሃል?» አለችው። ሚስቱ በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሏል። አለቃው ከባለቤቱ ጋር ከፊት ነው። ሳጅኑ፣ መምህሩ ከኋላ ምሰሶ ተገን አድርገው፣ አከራይዋ፣ የሚስቱ የሥራ ጓደኞች፣ የሚስቱ እህትና ባለ ባርኔጣው ባሏ። ደራሲዋ ወጣች። ከኋላ አንድ ሰው «ውይ!» አለ፤ የመድን ድርጅቱ አለቃ መሆን አለበት። መጽሐፉን ገለጠች።

«‹ዝም ያልኩሽ ቃል አጥቼ እንዳይመስልሽ...›»

የሚስቱ ጓደኞች እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ አፏን ያዘች። ድንጋዩ አንገቱ እስኪቃጠል ዓይኖቻቸው ተሰሙት። ሚስቱ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ወለሉን ታያለች።

«‹ሁለቱ ጨረቃዎች ይመስክሩብኝ...›»

ትንሿ ልጅ ወንበሯ ላይ ቆመች።

«እኛ ነን!» አለች በደስታ። «እኛ ነን እኮ! አባዬ ነው የጻፈው!»

ደራሲዋ አቆመች። አንዱ መሳቅ ጀመረና ሳቁ በአዳራሹ እንደ ጎርፍ ወረደ። ትንሿ ሰዎቹ ለምን እንደሚስቁ አልገባትም፤ እሷም አብራ ልትስቅ ሞከረች። ትልቋ ግን ገብቷታል። አሥር ዓመቷ ነው። ቀስ ብላ የእህቷን ቀሚስ ጎተተች፤ ከዚያ አባቷን አየችው።

ያን አስተያየት ድንጋዩ ሃያ ሁለት ዓመት ከያዛቸው ወንጀለኞች ከአንዱም አላየም። ተነሳ።

«አይደለም» አለ።

ሳቁ ቀነሰ።

«እኔ አልጻፍኩትም። ሰርቄ ነው። ከዚህ መጽሐፍ ገልብጬ ለሚስቴ የኔ ነው ብዬ ሰጠኋት። ልጆቼ ያመኑት እኔ ዝም ስላልኩ ነው። የተቆረጡት ገጾች...» ልጆቹን አየ። እንደገና ሞከረ። «ምክንያታቸው እኔ ነኝ። ጥፋተኛው እኔ ነኝ።»

«የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ» አለች ሚስቱ፤ ከጎኑ ቆማ። ወደ እሱ አላየችም። ከቦርሳዋ አንድ ፖስታ አወጣች። «አሥራ አንዱም እዚህ አሉ። አንዱም አልታጠፈም።»

የሳቀ አልነበረም። አለቃው ግንባሩን በእጁ ያዘ። ከወንዶቹ ብዙዎቹ፣ ድንጋዩ በኋላ እንዳስታወሰው፣ ጫማቸውን ያዩ ነበር።

ሰኞ ዕለት ባልና ሚስት በአከራይዋ ሱቅ ጓዳ ተቀምጠው ቅጠሎቹን በሙጫ መለሱ። እሷ ታስተካክላለች፣ እሱ ይለጥፋል። አልተነጋገሩም። አከራይዋና ሌሎቹ ክሱን ትተዋል። አለቃው ግን ለድንጋዩ ጉዳዩን ለአንድ ቀን በመደበቁ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶታል፤ ተገቢው ነው።

ትንሿ አሁን ሥዕሏ ላይ ጨረቃ አትሥልም። ማንም አትሣይ አላላትም።

በሳምንቱ ድንጋዩ ወረቀት ይዞ ተቀመጠ። አራቱን ቀዶ ጣለ። አምስተኛው ላይ የጻፈው ይህን ነው፦ «እናትሽ የተቀበሩ ቀን መምጣት እችል ነበር። ሥራ በዛብኝ ያልኩሽ ውሸት ነው። ስታለቅሺ ማየት ፈርቼ ነው። ሌላ መጻፍ አልቻልኩም።» በካፖርቷ ኪስ ከተተው። ያን ቀን ምንም አላለችውም፤ በማግስቱም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እናቱ ክኒናቸውን ምላሳቸው ሥር ይዘው ቁምሳጥኑን በአገጫቸው አሳዩት። ከመድኃኒቱ ወረቀት ጎን ደብዳቤው ተለጥፏል። ድንጋዩ ቀረብ ብሎ አየ። ጥጉ ላይ አንዲት ራይት አለች፤ ትንሽ፣ ቀጥ ያለች፣ ያልተቻኮለች።

ከሥሯ ነጥብ የለም።